ይሸጥ ወይስ ይሰጥ? አሥር ቀን በመቱ

ከአዲስ አበባ መቱ በጅማ በኩል ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ይህን ቁጥር በልብዎ ይያዙልኝ፤ በኋላ ሒሳብ ስንሠራ ያስፈልገናል። መንገዱ ወልቂጤን፣ ጅማን፣ አጋሮን አልፎ በደሌ ያደርስዎታል። በደሌን አብዛኞቻችን የምናውቃት በቢራዋ ነው። ከበደሌ በኋላ ግን ሌላ አገር የገቡ ይመስልዎታል። ዛፉ እየረዘመ፣ ሰማዩ እየጠበበ ይሄዳል። ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናው ማንም ሳይደረድረው በራሱ ፈቃድ በቅሎ ያዩታል። ያዮ ደረሱ ማለት ነው። የያዮ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በተፈጥሮው ጫካ ውስጥ የሚበቅል የአረቢካ ቡና ካለባቸው ጥቂት የዓለም ቦታዎች አንዱ ነው። ከያዮ ቀጥሎ ሁሩሙ፣ ከሁሩሙ ቀጥሎ መቱ።

መስኮት ዳር ከተቀመጡ ሌላም ነገር ያያሉ። ወደ ምዕራብ የሚሄዱት አይሱዙዎች ፍራሽ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ቆርቆሮና የተጠቀለለ ምንጣፍ ጭነዋል። የሚመለሱት ደግሞ የቡና ጆንያ። አገሩ ሁሉ ዕቃ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ እኔ የሄድኩት ግን ዕቃ ላወጣ ነበር።

አክስቴ መምህርት ናቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገና ከማሠልጠኛ ሲወጡ ጎሬ ተመደቡ፣ በኋላ ወደ መቱ ተዛወሩ፣ እዚያው አስተምረው እዚያው ጡረታ ወጡ። ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ይላቸዋል፤ ፀጉሩ የሸበተ የባንክ ሠራተኛ ሳይቀር። አሁን ጉልበታቸው አስቸገራቸውና ልጆቻቸው አዲስ አበባ እንዲገቡ ወሰኑ። የሚገቡበት ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። የሚወጡበት ደግሞ አራት ክፍል ቤት፣ አንድ ማድ ቤትና በሩ ሲከፈት ዕቃ የሚንከባለልበት አንድ ዕቃ ቤት። ልጆቻቸው ሥራ ስላልተመቻቸው የዓመት ፈቃድ ያለኝ እኔ ተላክሁ። ባለፈው ጥቅምት፣ ዝናቡ እየቀነሰ ቡናው መቅላት ሲጀምር ማለት ነው።

የቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ውሳኔ አጭር ነበር፦ ሁሉም ይሸጥ፣ ገንዘቡ ለአዲሱ ቤት ዕቃ መግዣ ይሁን። አክስቴ ይህን ሳነብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው «የእኔ ዕቃ ገበያ አይወጣም» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። አንድ ወገን «ይሸጥ» ሌላው «ይሰጥ» ብሎ ሲፋጠጥ ጉዳዩ ሶፋና ድስት መሆኑ ይቀራል። ልጆቹ እናታቸው የሰጡትን ሁሉ ከራሳቸው ኪስ እንደወጣ ይቆጥሩታል፤ እናትየው ደግሞ ዕቃቸው ሲሸጥ ዕድሜያቸው የተቸረቸረ ይመስላቸዋል። እርስዎም የወላጆችዎን ቤት ፈትተው ከሆነ ይህን ያውቁታል። ካልፈቱም አንድ ቀን ይደርስብዎታል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሠራነው መቁጠር ብቻ ነው። ቡፌ፣ ሶፋ፣ ሁለት የእንጨት አልጋ፣ አንድ የብረት አልጋ፣ አምስት ፍራሽ፣ ሁለት ቁም ሳጥን፣ የዋንዛ ጠረጴዛ፣ ማቀዝቀዣ፣ ወፍራም ኋላ ያለው የድሮ ቴሌቪዥን፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና፣ ትልልቅ ድስቶች፣ ከሁለት ደርዘን በላይ ብርጭቆ፣ ሦስት ካርቶን መጽሐፍ፣ ልብስ በሻንጣ፣ በጆንያ፣ በፌስታል። ይህን ሁሉ በደብተር ጻፍን። መምህርት ናቸውና መስመሩን ያሰመሩት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ዕቃ ቤቱን ከፈትን።

ኢሉባቦር ከአገራችን እጅግ ዝናባማ ከሚባሉት አካባቢዎች አንዱ ነው። ዝናቡ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ደኑንም፣ ቡናውንም፣ የሶርን ፏፏቴ የሚመግበውም ይኸው ዝናብ ነው። ለተቀመጠ ዕቃ ግን ምሕረት የለውም። «ለልጅ ልጅ ይሆናል» ተብሎ የተቀመጠው የጥጥ ፍራሽ በሆዱ በኩል ጥቁር ሻጋታ አብቅሏል። የሱፍ ካፖርቱን ሳነሣው እጅጌው እጄ ላይ ቀረ። የቆዳው ቦርሳ አረንጓዴ ሆኗል። ከአምስት ዓመት በፊት ቢሸጥ ዋጋ የሚያወጣ፣ ቢሰጥ የሚያሞቅ ዕቃ፣ ዛሬ ቃጠሎ የሚጠብቅ ቆሻሻ ነው። አዲስ አበባ ብንሆን ደረቅነቱ ያታልለናል፤ ሰገነት ላይ የጫንነው ሁሉ ደህና ያለ ይመስለናል። መቱ ላይ ማስቀመጥ የሚባለው ነገር ቀስ ብሎ መጣል መሆኑ በዓይን ይታያል። ስለዚህ «ልሽጠው ወይስ ልስጠው» እያሉ ዓመት የሚያሳድሩት ዕቃ ካለዎት፣ ከሁለቱ አንዱን ዛሬ ማድረግ ሁለቱንም ከማሰላሰል ይሻላል። ማቀዝቀዣ ቶሎ ያረጃል፤ ልብስ ከዚያ ቶሎ፤ የልጅ ጫማ ደግሞ ከሁሉ ቶሎ፣ ምክንያቱም የሚሆነው የጎረቤት ልጅም እያደገ ነው።

አሁን ወደ 600 ኪሎ ሜትራችን እንመለስ። ልጆቹ «ሶፋው ደህና ከሆነ ይጫን» ብለው ነበር። ባዶውን ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ መኪና አገኛለሁ ብዬ ዞርኩ። ጊዜው ጥቅምት ነው፤ ባዶውን የሚመለስ መኪና ካለም ቡና እየጠበቀ ነው። የተነገረኝ የጭነት ዋጋ፣ የጫኝና አውራጅ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ሶፋውን አራተኛ ፎቅ የሚያወጡት ልጆች ዋጋ ሲደመር፣ ሶፋው መቱ ላይ ከሚያወጣው በላይ ሆነ። አራተኛ ፎቅ ያለውን በር መለካት ደግሞ ማንም አላሰበም ነበር። በስልክ ሲለካ ሶፋው አይገባም። ርቀት ብዙ ክርክር ይፈታል።

ግን ስንት ይሸጥ? ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡኝ። እ.ኤ.አ. በ1990 ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ኔችና ሪቻርድ ቴለር ያሳተሙት አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ከተማሪዎች መካከል ለግማሾቹ የቡና መጠጫ ኩባያ በነፃ ሰጧቸው፤ ለተቀሩት አልሰጡም። ከዚያ ኩባያ ያላቸውን «ስንት ብናገኝ ትሸጣላችሁ?» የሌላቸውን «ስንት ትከፍላላችሁ?» አሏቸው። ኩባያው አንድ ዓይነት ነው፣ በእጃቸው የቆየውም ለአፍታ ነው። ሻጮቹ የጠየቁት ግን ገዢዎቹ ለመክፈል ከፈቀዱት በእጥፍ ገደማ ይበልጥ ነበር። ለአፍታ የያዙት ኩባያ ይህን ካደረገ፣ አርባ ዓመት ቡና የተጠጣበት ረከቦት ምን እንደሚያደርግ እርስዎ ያስቡት። አክስቴ ለዋንዛው ጠረጴዛ የገመቱት ዋጋ አዲስ አበባ ላይ እንኳ አዲስ ያስገዛል። ዕቃውን የሚገምተው ባለቤቱ ሳይሆን ሌላ ሰው ቢሆን የሚሻለው ለዚህ ነው። እኛ ሁለት ሰው ጠየቅን፤ አንድ አናጢና አንዲት የቤት ዕቃ ነጋዴ። የተለያየ ዋጋ ነገሩን፤ መካከሉን ያዝን።

ቀጥሎ ገዢ። መቱ የዞን ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ፣ ሪፈራል ሆስፒታል፣ የፍርድ ቤትና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የባንክ ቅርንጫፎች አሏት። ይህ ማለት ሁልጊዜ አዲስ የተመደበ ሰው የሚገባባት፣ የቆየው ደግሞ የሚዛወርባት ከተማ ናት። አዲሱ መምህር ወይም ሐኪም ባዶ ክፍል ይከራያል። አልጋ፣ ፍራሽ፣ ጠረጴዛ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈልጋል። ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶ ሊዛወር ይችላልና አዲስ ለመግዛት አይቸኩልም። የእኛ ገዢ እሱ ነው። ወሩ መጨረሻ ላይ፣ ደሞዝ በገባ ማግስት፣ የዕቃዎቹን ፎቶ በቀን ብርሃን አንሥተን፣ ቁመትና ስፋታቸውን ጽፈን በአንድ የሠራተኞች ግሩፕ ላይ ለቀቅን። ጉድለታቸውንም ጻፍን፦ «የማቀዝቀዣው የታችኛው መሳቢያ የተሰነጠቀ»። ይህን ዓይነት ዐረፍተ ነገር መጻፍ ዋጋ ያወርዳል ብለው የሚፈሩ አሉ። በእኔ ልምድ የሚያወርደው ገዢው መጥቶ ራሱ ሲያገኘው ነው። ሁለቱ አልጋዎች፣ ማቀዝቀዣው፣ አንደኛው ቁም ሳጥንና የዋንዛው ጠረጴዛ በሦስት ቀን ወጡ። ጠረጴዛውን የገዛችው ለአንደኛ ጊዜ ከቤተሰቧ የተለየች ወጣት ነርስ ናት። አክስቴ ካስማሙት ዋጋ ላይ ራሳቸው ቀነሱላት፤ እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ያልተሸጡትም መልስ ነበራቸው። የድሮው ቴሌቪዥን ሰው እንኳ አልጠየቀበትም፤ በነፃ ስንል እንኳ «የት አስቀምጠዋለሁ?» ተባልን። የቁራሌ ነጋዴ ለሽቦው ሲል ወሰደው። ልብስ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም፣ ቦንዳ የሌለበት የገበያ ቀን የትም የለም፤ መቱም እንደዚያው። ቦንዳው ላይ ደህና ጃኬት በርካሽ ከተገኘ የእርስዎ የለበሱት ጃኬት ከዚያ በላይ አያወጣም። አዲስ አበባ ቢሆን ልዋጮች በር እያንኳኩ አንድ ጆንያ ልብስ በአንድ የፕላስቲክ ሳፋ ይለውጡዎታል። ሳፋው የሚያስፈልግዎት ከሆነ ምንም ክፋት የለውም። እኔ ግን ልብስ የመሸጥ ድካም ከሚያስገኘው ገንዘብ በላይ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ይሰጥ።

ሲሰጥ ግን እንዴት? አክስቴ በዚህ ጉዳይ ቆራጥ ናቸው። በ1977 ዓ.ም. መንግሥት ከወሎና ከሌሎች ድርቅ ከመታቸው አካባቢዎች ብዙ ሕዝብ ወደ ኢሉባቦር አምጥቶ ሲያሰፍር መምህራኑ ከየቤቱ ልብስና ማብሰያ ይሰበስቡ እንደነበር ነገሩኝ። «ሰው ከቤቱ ተነቅሎ መጥቷል፤ ቂጡ የተቀደደ ሱሪ የሚያመጣ ነበረ» አሉ። ያኔ የተማሩት ነው መሰለኝ፣ የሚሰጠው ልብስ ሁሉ ታጠበ፣ ቁልፉ የወለቀው ተተከለለት፣ ተተኮሰ። የተቀደደው ለወለል መጥረጊያ ተለየ። አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብን። ተኩሳቸውን እያየሁ፣ እኔ ቢሮ ለአንድ ዕቃ ማሸጊያ የማወጣውን ገንዘብ አሰብኩ፤ ከዚህ የተሻለ ማሸጊያ አላየሁም።

መቱ ስለ መስጠት ሲነሣ አንድ ስም መዝለል አይቻልም። ሪፈራል ሆስፒታሉ ዛሬም «መቱ ካርል» ነው የሚባለው። ካርል ሃይንዝ በም በፊልም የታወቁ ኦስትሪያዊ ተዋናይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 በአንድ የጀርመን የቴሌቪዥን መዝናኛ ላይ ቀርበው፣ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ ለተራበ የአፍሪካ ሕዝብ አንድ አንድ ማርክ አያዋጣም ብለው ተወራረዱ። እንዳሉትም ሲሶው አላዋጣም፤ ሆኖም ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ። ገንዘቡን ይዘው ኢትዮጵያ መጡ፣ በዚያው ዓመትም «ሜንሽን ፉር ሜንሽን»፣ ሰው ለሰው ማለት ነው፣ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ከሠራባቸው አካባቢዎች አንዱ ኢሉባቦር ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ካርል አደባባይን በስማቸው ታውቁታላችሁ።

ለመስጠት ሲነሡ ታዲያ አስቀድመው ይደውሉ ወይም ሰው ይላኩ። ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ የአረጋውያን መርጃ፣ ሁሉም የሚፈልገውና የማይፈልገው አለው። አዲስ አበባ ላይ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን የመሰለ ተቋም እንኳ፣ ብዙ ሰው የሚያኖር ቤት ስለሆነ፣ ሳይጠየቅ የሚወርድለት ዕቃ የማከማቻ ራስ ምታት ሊሆንበት ይችላል። ያልተፈለገ ስጦታ መጣያው ወደ ተቀባዩ ተዛወረ ማለት ነው፤ እርስዎ ያልወረወሩትን ቆሻሻ እሱ ይወረውርልዎታል።

መጽሐፉን ለማድረስ አንድ ቀን ጎሬ ወጣን። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሚኒባስ ቶሎ ይደረሳል፣ ከፍታው ግን ወደ 2000 ሜትር ስለሆነ ሹራብ ይያዙ። ጎሬ ዛሬ ጸጥ ያለች ከተማ ናት። ድሮ ግን የኢሉባቦር ዋና ከተማ፣ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ ነበረች። ከዚህ የሚነሣው ቡና ቁልቁል ወደ ጋምቤላ ወርዶ በባሮ ወንዝ በጀልባ ወደ ሱዳን ይሄድ ስለነበር የውጭ ነጋዴዎችም ሰፍረውባት ነበር። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ሲገባና ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ ጊዜያዊው መንግሥት በራስ እምሩ መሪነት የተቀመጠው እዚሁ ነው። በኋላ የዋና ከተማነቱ ማዕረግ ወደ መቱ ወረደ። በድሮዎቹ ቤቶች መካከል ስንሄድ፣ አንድ ከተማ ሙሉ መሥሪያ ቤት ሲነሣ ስንቱ መዝገብ፣ ስንቱ መደርደሪያ ተጫነ፣ ስንቱስ «ይቅር» ተባለ ብዬ አሰብኩ። አክስቴ ግን የሚያሳስባቸው የድሮ ክፍላቸው ጣሪያ ነበር። አለ፤ ቆርቆሮው ተቀይሯል።

መጽሐፎቹን በተመለከተ የቤት ሥራ ሠርተን ነበር የሄድነው። አሁን በኦሮሚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ነው። ስለዚህ የደርግ ዘመን የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት፣ አክስቴ ምንም ቢወዷቸው፣ ለተማሪው አይጠቅሙም። ደውለን ስንጠይቅ የተፈለገው መዝገበ ቃላት፣ የእንግሊዝኛ ሰዋስው፣ የሒሳብ ማጣቀሻና ልብ ወለድ ነው። ከሦስት ካርቶን አንዱ ብቻ ሄደ። ሁለተኛው ካርቶን መቱ ላይ በኪሎ ተሸጠ፤ ለቅመማ ቅመም መጠቅለያ። አክስቴ ሚዛኑ ላይ ሲቀመጥ አላዩም፤ ጓሮ ነበሩ። ሦስተኛው፣ የራሳቸው እጅ ጽሕፈት ያለበት፣ አብሯቸው አዲስ አበባ ገባ።

ትልልቆቹን ድስቶች፣ ብርጭቆዎቹን፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱንና ሁለት አግዳሚ ወንበር ማን ይውሰድ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ወዲያው ተገኘ፦ ዕድሩ። በየሰፈራችን ያለውን ይህን ተቋም ዕቃ ስናስወግድ የምናስታውሰው ጥቂቶች ነን። ለአንድ ቤተሰብ የማይረባ የሃምሳ ሰው ድስት ለዕድር ግን የሥራ ዕቃ ነው። በሐዘን ቀን ሰፈርተኛው ሁሉ ይበላበታል፤ ክርስቲያን ሆነ ሙስሊም ድንኳኑ አንድ ነው። የዕድሩ ጸሐፊ መዝገብ ይዘው መጡ፤ «ድስት፣ ትልቅ፣ ሦስት፤ ብርጭቆ፣ ሃያ ስድስት» እያሉ ጻፉ፣ ከጎኑ የአክስቴን ስም። ሁለቱም ፈረሙ። ልጆቹ በግሩፑ ላይ ስለ ምጣዱ አንድ ሁለት ቃል ጻፉ፤ ከዚያ ዝም አሉ።

ዝም ያላሉት በሲንጀሩ ነው።

የስፌት መኪናው የቆየ፣ በእግር የሚረገጥ፣ ብረቱ የማይበገር ነው። ደህና ዋጋ ያወጣል፤ አንድ ልብስ ሰፊ ሁለት ጊዜ መጥቶ ዋጋ ጨምሯል። አክስቴ ግን ለልጅቷ ቃል ገብተውላታል። ልጅቷ ከአልጌ መጥታ ስድስት ዓመት አብራቸው የኖረች፣ ሌሊት መድኃኒታቸውን የምታቀብል፣ በማታው ክፍለ ጊዜ 10ኛ ክፍል የደረሰች ናት። ስፌት ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። የአክስቴ ትልቁ ልጅ ደውሎ «እማዬ፣ ደሞዟን ከነጉርሻው እንስጣት፣ መኪናው ግን ይሸጥ» አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ የአዲሱን ቤት ወጪ የሚከፍለው እሱ ነው። እዚህ ላይ የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፦ አንድ ዕቃ በእርስዎ እጅ ገንዘብ ብቻ ከሆነ፣ በሌላው እጅ ግን እንጀራ የሚሆን ከሆነ፣ ለዚያ ሰው ይድረስ። ማቀዝቀዣ ቢሰጧት ልጅቷ ትሸጠዋለች፤ ትክክል ናት። መኪናው ግን ነገ ጠዋት ሥራ ይጀምራል።

አክስቴ ግን ከእኔ አርቀው አሰቡ። «በባዶ እጅ ብሰጣት፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ አንዱ ዘመድ መጥቶ ‹የቤታችን ዕቃ ነው› ቢላት ምን ታሳያለች? ሰረቀች ይሏታል» አሉ። ስለዚህ ሸጡላት። በ100 ብር። የሽያጭ ውል በሁለት ቅጂ ተጻፈ፤ የመኪናው ቁጥር፣ ዋጋው፣ ቀኑ። ሦስት እማኞች ፈረሙ፦ የዕድሩ ጸሐፊ፣ የጎረቤት ሐጂ፣ እኔ። ልጅቷ 100 ብሯን ከመቀነቷ ፈትታ ቆጥራ ሰጠች። አክስቴም ተቀብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ አልመለሱላትም። መልሰውላት ቢሆን ሽያጩ ጨዋታ ይሆን ነበር አሉኝ ማታ። ውሉን ፎቶ አንሥቼ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩ። ትልቁ ልጅ ከብዙ ሰዓት በኋላ «እሺ» ብሎ ጻፈ።

ይህን ዘዴ ለእርስዎም እነግርዎታለሁ፤ በተለይ ለቤት ሠራተኛ፣ ለጥበቃ ወይም ለሩቅ ዘመድ ዋጋ ያለው ዕቃ ሲሰጡ። የእጅ ስልክ ይሁን፣ ቴሌቪዥን ይሁን፣ አንዲት ወረቀት ይጻፉለት። በር ላይ ጠባቂ ቢያስቆመው፣ መንገድ ላይ ፖሊስ ቢጠይቀው የሚያሳየው ይኖረዋል። እርስዎ ደግነትዎን ሰጥተው ሲሄዱ ጥርጣሬው ከተቀባዩ ጋር ይቀራል፤ ወረቀቷ ለዚያ ነው።

አብሯቸው የተጫነው በአውቶቡስ የሚገባውን ያህል ነው፦ ሁለት ሻንጣ፣ የመጽሐፍ ካርቶኑ፣ ረከቦቱና ሲኒዎቹ በፎጣ ተጠቅልለው፣ ጎረቤት ያመጡላቸው ማርና ጥሬ ቡና። ስለ ሲኒዎቹ ማንም ዋጋ አልጠየቀም፤ እኔም አልገመትኩም።

የቀረው ቡፌው ነበር። ትልቅ ነው፣ መስታወት ያለው፣ አሮጌ ፋሽን። ለተመደበ ሠራተኛ ክፍል አይሆንም፤ የሚገዛው ሳሎን ያለው፣ ልጅ የሚድር፣ ቡና የሸጠ ሰው ነው። በጥቅምት ደግሞ ቡናው ገና እየተለቀመ ስለሆነ እጁ ላይ ገንዘብ የለም። በመጨረሻው ቀን አንድ ነጋዴ በግማሽ ዋጋ ልውሰደው አለ። አልሰጠነውም። ጎረቤታቸው ሐጂ ሳሎናቸው ውስጥ፣ እርጥበት በማይደርስበት ግድግዳ ጥግ አስቀመጡትና እስከ ታኅሣሥ ይቆይ ተባለ። ዝቅተኛውን ዋጋ በወረቀት ጽፈን በመስታወቱ ውስጠኛ በኩል ለጠፍነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ከሁሩሙ የመጡ ባልና ሚስት ከዚያ ዋጋ በላይ ከፍለው ወሰዱት። ሐጂ ገንዘቡን በቴሌብር ላኩ፤ አክስቴ ከላዩ ለአዲሱ ሳሎናቸው መጋረጃ የሚሆን አስቀሩና የተረፈውን መልሰው ለዕድሩ ላኩት፤ ለብርጭቆ መሙያ፣ ሃያ ስድስቱ ሃምሳ እንዲሆን።